ቻይንኛ በስልክ፦ ከኮምቦልቻ ሆኜ ከየት ልጀምር?

የቦርከና ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ የማወጣው እኔ ነኝ። የመስመር ኃላፊዎቻችን ቻይናውያን ናቸው። አስተርጓሚ አለ፤ ግን አንድ ሰው ስለሆነ ሁሉ ቦታ አይደርስም።

ባለፈው ሐሙስ አንደኛዋ ኃላፊ መጋዘን መጣች። መደርደሪያው ላይ ነጩን ክር በጣቷ አሳየችኝና ቁጥር ተናገረች። አራት ያለችኝ መሰለኝ። አራት ካርቶን አወጣሁ። ለካ የፈለገችው አስር ነበር! ከሰዓት በኋላ መስመሩ ክር አለቀበት። ልጆቹ ማሽናቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ማንም አልተቆጣኝም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስልኬ አሮጌ አንድሮይድ ነው። ቤት ዋይፋይ የለም፤ የምጠቀመው የሌሊት ፓኬጅ ነው። እንግሊዝኛዬ እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩት ነው። ክፍያ ያለው ነገር አልችልም፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ የዶላር ካርዱ ከየት ይመጣል? እስካሁን አፕ ስጭንና ሳጠፋ ነው የከረምኩት። ሁሉም ከ‹ኒ ሃው› ይጀምርና ወደ ድመትና ወደ ፖም ስም ይወስደኛል። እኔ የምፈልገው ክርና ካርቶን ነው። የሞከራችሁትን ንገሩኝ፤ ከየት ልጀምር?


ሀረጎ ቁልቁለት
ሰኞ፣ ማታ 3፡15

አብሽሪ እህቴ። አራትና አስር ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ናቸው። አራት ‹ስ› ነው፤ አስር ‹ሽ› ነው። ከደቡብ ቻይና የመጡ ብዙ ሰዎች ደግሞ ‹ሽ›ንም እንደ ‹ስ› ነው የሚሉት። ያኔ የሚለያቸው ቃናው ብቻ ነው። አስር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ሲጠራሽ ‹አቤት?› እንደምትይው። አራት ወደ ታች ይወድቃል፤ ሕፃን እሳት ሊነካ ሲል ‹ተው!› እንደምትይው።

ነገ ጠዋት የሚሠራልሽ ነገር ደግሞ ይኸውና። ቻይናዎች እስከ ዘጠኝ በአንድ እጅ ይቆጥራሉ። ስድስት ሲሉ አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ይዘረጋሉ። ስምንት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው። አስርን ብዙዎቹ ሁለቱን ሌባ ጣቶች አነባብረው እንደ መስቀል ያሳያሉ፤ ጡጫ የሚያሳዩም አሉ። ኃላፊሽ ቁጥር በነገረችሽ ጊዜ ሁሉ በጣትሽ መልሰሽ አሳያት። አንድም ቃል ሳትጨምሪ ያ ችግር ይቀላል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ መጀመሪያ የምትጭኚው ፕሌኮ ይሁን። መዝገበ ቃላት ነው። ዋናው ክፍሉ በነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቃሉን በእንግሊዝኛ ወይም በፒንዪን (ቻይንኛው በላቲን ፊደል ሲጻፍ) ትጽፊለታለሽ፣ ድምፁንም ያሰማሻል። ጽሑፍ በካሜራ የሚያነበው ክፍል ይከፈልበታል፤ እሱን ተይው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ለማንበብ የጉግል ትርጉም ካሜራ ይበቃሻል። ብቻ ወደ አማርኛ ሳይሆን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሚው፤ አማርኛው ብዙ ጊዜ ይስታል።

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ሀረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ላይ ሁልጊዜ ቻይንኛ አለ። ትምህርቴ ያ መንገድ ነው። ማታ በፓኬጅ አወርዳለሁ፣ ቀን ሚኒባስ ውስጥ እሰማለሁ። ዩቲዩብ ላይ ማንዳሪን ኮርነር የሚባለውን ፈልጊ። ቻይንኛው፣ ፒንዪኑና እንግሊዝኛው አንድ ላይ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። አብዛኛው ለጀማሪ ከበድ ይላል፣ ለጀማሪ የተባሉትን ለይተሽ አውርጂ።


ማሲንቆ ደሴ
ሰኞ፣ ሌሊት 5፡02

ወንድሜ ሀረጎ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘሏል። እኛ ፊደል ስንማር ከምን ጀመርን? ከገበታ። ሀ ሁ እያልን፣ የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ። ቻይንኛም ገበታ አለው። ፒንዪን ይባላል፣ ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ያጸደቀችው በላቲን ፊደል የመጻፊያ ዘዴ ነው። የኛ ገበታ 33 በ7 ተባዝቶ 231 ነው። የነሱ ቃናው ሳይቆጠር ወደ 400 ይጠጋል። ዮዮ ቻይኒዝ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የፒንዪን ሰንጠረዥ በነፃ አለ። ክፍለ ቃሉን ስትነኪው በአራቱም ቃና ያሰማሻል። እህቴ፣ ሌላ ነገር ሳትነኪ ሁለት ሳምንት እሱ ላይ ቆዪ።

ቃና ለኛ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ‹ገና› ብለሽ ጻፊ። በዓሉ ነው ወይስ ‹ገና አልደረሰም› የሚለው? ‹ዋና›ስ? ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋና መንገድ? ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለየው መጥበቅና መላላቱ ነው። ጆሯችን በጽሑፍ የማይታይ ልዩነት ለመስማት የለመደ ነው። ቻይንኛ የሚጠይቀን ያንኑ ንቃት ነው፣ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ።

ደግሞ እኛ ወሎዬ ነን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እየሰማን ነው ያደግነው። አንዷ ድምፅ ትንሽ ስትዛነፍ ባቲው ባቲ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። የቻይና ባህላዊ ሙዚቃም በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝትና የነሱ ዋናው ቅኝት አምስቱም ድምፃቸው አንድ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ማሲንቆዬን አንስቼ ስልኬ ላይ ከተከፈተ የቻይና ዜማ ጋር መታሁ። ተስማማልኝ። ሰዓቱን አላውቀውም፣ ሲነጋ ነው ያቆምኩት።

አራቱን ቃና እንዲህ ያዢያቸው። አንደኛው ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል፣ ሰው ከሩቅ ‹ኧረ እማ—› ብሎ ድምፁን ሲስብ እንደሚሰማው። ሁለተኛውንና አራተኛውን ሀረጎ ነግሮሻል። ሦስተኛው ወርዶ ታች ይቆያል። መጻሕፍቱ ወርዶ ይወጣል ይላሉ፤ ንግግር ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታች ነው የሚቀረው። ሦስተኛ ቃና ያላቸው ሁለት ድምፆች ከተከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ቃና ይቀየራል። ‹ኒ ሃው› ራሱ እንደዚያ ነው።

አፍ ላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ይሄ ነው። በፒንዪን ቢ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው የሚጻፉት የኛ በ፣ ደ፣ ገ አይደሉም። ፒ፣ ቲ፣ ኬ ደግሞ ብዙ ትንፋሽ ይዘው ይወጣሉ። ሶፍት ከአፍሽ ፊት ያዢ። ‹ፓ› ስትዪ ሶፍቱ ካልተወዛወዘ ገና ነሽ። ‹ባ› ስትዪ መንቀሳቀስ የለበትም። እንደ ጠና እንደ ቀ ግን አታፈንጂው።

‹ስ›፣ ‹ሽ›፣ ‹ች› የሚሉት ግን ለኛ ስጦታ ናቸው። የነሱ ድምፅ ወደ ሳድሳችን በጣም ይጠጋል። ፈረንጆች እዚያ ጋ ሲቸገሩ እኛ በቀላሉ እናልፋለን።


ላሊበላ አስጎብኚ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቻይንኛ የጀመርኩት ቻይናውያን እንግዶች መምጣት ሲያበዙ ነው። ገበታው ጥሩ ነው ማሲንቆ፤ ግን ሁለት ሳምንት ገበታ ብቻ? እህታችን ነገ ሥራ ገቢ ናት እኮ። ገበታውን ጠዋት 15 ደቂቃ ታድርገው፣ ከዚያ የራሷን ቃላት ትያዝ።

የራሷን ስል እንዲህ ነው። እኔ ማንም ያዘጋጀውን የቃላት ዝርዝር ትቼ የራሴን ሠራሁ። ቤተ ክርስቲያን፣ ድንጋይ፣ መቅረጽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጫማ አውልቁ፣ ደረጃው ያዳልጣል። ለእንግዳ በየቀኑ የምለው ይሄንን ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት መፈልፈላቸውን በቻይንኛ አስረድቼ የጨረስኩ ቀን አንዲት አሮጊት እንግዳ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱና ዝም አሉ። ያን ዝምታ በእንግሊዝኛ አግኝቼው አላውቅም።

ቃላቱን የምይዘው በአንኪ ነው። አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ ይባላል፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አይፎን ላይ ግን ይከፈልበታል። ካርድ ትሠሪያለሽ፣ በፊቱ አማርኛው፣ በጀርባው ቻይንኛው። የረሳሽውን ቶሎ ይመልስልሻል፣ ያወቅሽውን ያቆይልሻል። በቀን 5 አዲስ ካርድ ይበቃል። በቀን 30 የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚከለስ ይቆለልበትና ይተወዋል፤ እኔ ላይ የደረሰ ነው።

ትልቁ መሣሪያ ግን ዊቻት የሚባለው የመልእክት አፕ ነው። ቻይናውያኑ ሁሉ አላቸው። ስትመዘገቢ ነባር ተጠቃሚ ኮድሽን ስካን ያድርግልኝ ሊልሽ ይችላል፣ ለኃላፊሽ ንገሪያት። ከዚያ ‹ነገ የሚያስፈልገውን በድምፅ ላኪልኝ› በያት። የድምፅ መልእክት አሥር ጊዜ መልሰሽ ትሰሚዋለሽ። ፊት ለፊት ግን ሰው አሥር ጊዜ ድገሚልኝ አይባልም። በጽሑፍ የመጣውን ደግሞ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ስታቆዪበት ይተረጉምልሻል።

ስለ ቃና አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቀን እንግዶቼን እናቴ ቤት ቡና ጠራኋቸው። አቦሉ ተቀዳ። ስኳር ትፈልጋላችሁ ወይ ልል ‹ያው ታንግ ማ?› አልኩ። ስኳር ‹ታንግ› ወደ ላይ የሚወጣ ነው። እኔ ቀጥ አድርጌ ተናገርኩት፣ ያ ደግሞ ሾርባ ነው። አንደኛው ደስ ብሎት ‹አዎ፣ እፈልጋለሁ› አለ። ስሕተቱን ስነግራት እናቴ ‹እንግዳ ከፈለገማ› ብላ ምስር ጣደች። ቶናው ሳይደርስ ሾርባው ቀረበ። እነዚያ ሰዎች አሁንም በዊቻት የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል።


ሀይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡45

ይህን ውይይት በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከት አስባለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ መናገሩ ሳይሆን ጽሕፈቱ ነው። ስዕል ነው የሚመስለኝ። እንዴት ነው የሚያዘው? ኤችኤስኬ ለሚባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተናስ ስንት ቃል ያስፈልጋል?


ሀረጎ ቁልቁለት
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሀይቅ ዳር፣ ካንተው ሰፈር ልጀምርልህ። ሐይቅ በቻይንኛ ‹ሁ› ነው፣ ሁለተኛ ቃና። ምልክቱን ፕሌኮ ላይ ክፈተው። ግራው ላይ ሦስት ጠብታ የመሰለች ነገር አለች። አሁን ወንዝ የሚለውን ክፈት፣ ‹ኸ›። እዚያም ጠብታዎቹ አሉ። ባሕር፣ ‹ሃይ›፣ እዚያም። ጠብታዎቹ ‹ነገሩ ከውኃ ወገን ነው› ይሉሃል። ቀኙ ብዙ ጊዜ ስለ ድምፁ ይጠቁማል። ስለዚህ ስዕል አይደለም፤ የቤተሰብ ስም እንዳለው ሰው ነው። በጥንቱ የካንግሺ መዝገበ ቃላት አመዳደብ እንዲህ ያሉት መሠረቶች 214 ናቸው፤ ተደጋግመው የሚመጡትን መቶ ያህል ስታውቅ አዲሱ ሁሉ አዲስ መሆኑ ይቀራል።

ለእህታችን ደግሞ፦ አስር የሚለው ምልክት ቀጥ ያለ መስቀል ነው። አራት ሳጥን ነው፣ ውስጡ ሁለት እግር ያለው። ካርቶን ላይ ተጽፎ ብታዪው ከእንግዲህ አይምታታብሽም።

በቆየው ባለ 6 ደረጃ ኤችኤስኬ አንደኛው 150 ቃል ነው፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600፣ አራተኛው 1200። እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 9 ደረጃ አዲስ መስፈርት ወጥቷል፤ እዚያ ላይ የታችኞቹም ቃላት በርከት ይላሉ። የምታጠናው ዝርዝር የየትኛው እንደሆነ ሳታይ አትጀምር። በቻይንኛ የሚሰጥ ትምህርት ላይ ለመግባት አራተኛው ደረጃ በብዛት ይጠየቃል። ቋንቋውን ሳያውቁ በቻይንኛ ለሚሰጥ ትምህርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቋንቋ ይማራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት አለ፤ ስለ ፈተናው እዚያ ጠይቅ።

ሰዋስው ሲያስቸግርህ ቻይኒዝ ግራመር ዊኪ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፣ በደረጃ የተከፋፈለ። ደስ የሚለው ነገር ግሱ አይረባም። እኛ ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ፣ እሄዳለሁ ስንል እነሱ አንድ ‹ቹ› ብቻ አላቸው። ማን እንደሄደና መቼ እንደሄደ ሌላ ቃል ይናገራል።


የወልዲያ አባት
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡30

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ልጄ አነበበልኝ፣ የምለውን ደግሞ እሱ ይጽፍልኛል። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ከወልዲያ ወረታ ያለውን መንገድ ሲሠሩ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ስልክ የለ፣ መጽሐፍ የለ። ጆሮ ብቻ ነበረን። ‹ቺፋን› ሲሉ ሥራ ቆሞ ምግብ ሆነ ማለት ነው። ‹ሺዩሺ› ሲሉ ዕረፍት ነው። አንድ ሽማግሌ ቻይና ነበር፣ ትልቅ ድንጋይ ስናነሳ ሁልጊዜ ‹ማን ማን ላይ፣ ማን ማን ላይ› ይለን ነበር። ቀስ በሉ፣ ቀስ እያላችሁ ማለት ነው። ይኸው ዛሬም አልረሳሁትም።

ለዚያች ለመጋዘኗ ልጅ የምላት አንድ ነገር አለኝ። ልጄ፣ ቃሉን ከሰውየው እጅና ፊት ጋር ያዢው። ስልኩ ቃሉን ይነግርሻል። ሰውየው ቃሉን ሲል ምን እንዳነሳ፣ ወዴት እንዳየ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ።


የቦርከና ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፕሌኮንና አንኪን ጫንኩ፣ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ካርዱ ላይ ቻይንኛውን በኛው ፊደል ብጽፈው ችግር አለው?


ማሲንቆ ደሴ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

አለው። እዚህ በፊደል የምንጽፈው ለመግባባት ብለን ነው። ካርድሽ ላይ ግን አታድርጊው። ፊደላችን ቃናውን አይዝልሽም።


ላሊበላ አስጎብኚ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

እኔ ለመጀመሪያው ሳምንት ክፋት የለውም ባይ ነኝ። ሰው በሚያውቀው ፊደል ሲጽፍ ድፍረት ያገኛል። ብቻ ከጎኑ የቃናውን ቁጥር፣ ከ1 እስከ 4፣ ጻፊበት።


የቦርከና ልጅ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 2፡00

ሰላም ነው? የደረስኩበትን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

የፊደሉን ነገር ሞክሬ አየሁት። ማሲንቆ ትክክል ነበር። ደብተሬ ላይ ‹ማይ› የሚል ሁለት ቦታ ጽፌ ነበር። አንዱ መግዛት ነው፣ አንዱ መሸጥ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራሴ ጠፋኝ። ቁጥር ለመጻፍ ደግሞ ቸኩዬ ረስቼ ነበር። ፕሌኮ ላይ ስከፍታቸው መግዛት ሦስተኛ ቃና ነው፣ መሸጥ አራተኛ። ምልክቱንም አየሁት፦ መሸጥ ማለት መግዛት ላይ ያ የአስር መስቀል ሲደረብበት ነው። ሀረጎ መስቀሉን ባይነግረኝ አላስተውለውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፒንዪን ነው የምጽፈው።

አንድ ዘዴ ደግሞ ራሴ አገኘሁ። ኪቦርዴ ላይ ቻይንኛ ጨመርኩና ማይክራፎኑን ነክቼ እናገራለሁ። የተናገርኩትን በትክክል ከጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ቃናዬ ደርሷል ማለት ነው። ሌላ ምልክት ከጻፈ እደግመዋለሁ። ‹አስር ካርቶን›ን ስንት ቀን እንደሞከርኩት! ዳታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሌሊት ነው የማደርገው። እናቴ ለብቻዬ የማወራ መስሏት ዱዓ አድርጋልኛለች፤ አሁን ግን አብራኝ ትላለች።

ኃላፊዬን ዊቻት ላይ አገኘኋት። ጠዋት ጠዋት የሚፈለገውን በድምፅ ትልክልኛለች። እኔ ደግሜ በድምፅ እመልስላታለሁ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለች። ባለፈው ማክሰኞ መጋዘን መጥታ አሁንም ነጭ ክር ጠየቀችኝ። ሁለቱን ሌባ ጣቶቼን አነባብሬ ‹ሽ?› አልኳት። እሷም ጣቶቿን አነባበረችና ‹ሽ!› አለችኝ። አስሩን ካርቶን አብረን ጎትተን አወጣን።

እስካሁን 62 ካርድ ሠርቻለሁ፣ ሁሉም የመጋዘንና የስፌት ቃል ነው። መርፌ፣ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ማሽን፣ ጎደለ፣ ተረፈ። የእሷን ድምፅ አስፈቅጄ አስገብቻለሁ። የሚፈልግ ካለ ፋይሉን እልካለሁ።


ሀይቅ ዳር
እሑድ፣ ማታ 2፡25

ለኔ ላኪልኝ እህቴ። እኅቴም እዚያው ኮምቦልቻ ስፌት ላይ ናት። ‹ክሩ ተበጠሰ› የሚል አለበት? በቀን ሃያ ጊዜ የምትለው እሱን ነው አለችኝ።


የቦርከና ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2：31

‹ሺየን ድዋን ለ›። ክር፣ ተበጠሰ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ለ› አዲስ ነገር መሆኑን ትናገራለች። ሁለቱም ቃላት አራተኛ ቃና ናቸው፣ ‹ተው!› እንደሚባለው። በካርድ የለኝም፤ ነገ ጠዋት ድምፁን ቀድቼ ከሌሎቹ ጋር እልክልሃለሁ።